የማን እንደሆነ ነገርከው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ባለፈው ሰሞን ከአሜሪካ አንድ ተማሪዬ ሊንክ ላከልኝ። አሁን የልጆች አባት ነው። እኔ ግን የማስታውሰው እዚሁ ደምበጫ፣ 9ኛ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የነበረውን ልጅ ነው። አንድ ቀን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ጨረቃ ስበት ሳስተምር እጁን አወጣና "ጋሼ፣ ጨረቃ ብትሸጥ ስንት ታወጣለች?" ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። እኔም "ጨረቃ አትሸጥም፤ ቁጭ በል" አልኩት። አሁን ከሊንኩ ሥር እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ "ጋሼ፣ ያኔ ተሳስተው ነበር። ይኸው ሁሉም እየተሸጠ ነው።"

ከፈትኩት። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ኒው ዮርክ ውስጥ ሶዝቢስ የሚባለው አጫራች ቤት ከማርስ ተፈንጥሮ መሬት ላይ የወደቀ፣ ከ24 ኪሎ በላይ የሚመዝን ድንጋይ በ5.3 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል። ድንጋዩ የተገኘው በ2023 ኒጀር ውስጥ፣ አጋዴዝ በሚባለው የበረሃ ክልል ነው። ከተሸጠ በኋላ የኒጀር መንግሥት "ይኼ ነገር ከአገራችን እንዴት ወጣ?" ብሎ ምርመራ ጀመረ። ድንጋዩ ከሄደ በኋላ ማለት ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጡረተኛ ነኝ፤ ነገ ክፍል የለብኝም። ስለ ጠፈር ዕቃ ጨረታ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አደርኩ። ለካ ይኼ ገበያ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሶዝቢስ የሩሲያን የጠፈር ዕቃ ብቻ ያቀረበበት ትልቅ ጨረታ ነበር። ሉና 16 የምትባለዋ ሰው አልባ መንኮራኩር በ1970 ከጨረቃ ካመጣችው አፈር ሦስት ፍንጣሪ፣ እያንዳንዳቸው ከምስር ፍሬ የሚያንሱ፣ በ442,500 ዶላር ተሸጡ። እነዚያን ፍንጣሪዎች የሶቪየት መንግሥት የሰጣቸው የጠፈር መርሐ ግብሩ ዋና መሐንዲስ ለነበረው ለሰርጌይ ኮሮሊዮቭ ባለቤት ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ። በዚያው ጨረታ ሉኖኾድ 2 የሚባለው ተሽከርካሪ በ68,500 ዶላር ተሸጧል። የሚያስቀው ነገር ተሽከርካሪው እስከ ዛሬ ያለው ጨረቃ ላይ ነው። የገዛው ሪቻርድ ጋሪዮት፣ የአሜሪካዊ ጠፈርተኛ ልጅ፣ ሄዶ ሊያመጣው አይችልም። ወረቀቱን ይዞ ማታ ማታ ቀና ብሎ ማየት ነው።

ሳቄ ግን ብዙም አልቆየ። ቀኑን አስቡት፤ 1993። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ሰውን ወደ ጠፈር የላኩት ሰዎች ደመወዛቸው ዋጋ ያጣበት ጊዜ። የቸገረው ቤት መጀመሪያ የሚያወርደው ግድግዳ ላይ የሰቀለውን ነው። ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው።

እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ።

1984 ዓ.ም. ነበር። ደርግ ከወደቀ ገና ዓመት አልሞላውም። በዲፕሎማ ተቀጥሬ በወር 347 ብር የማገኝ ወጣት መምህር ነበርኩ። አባቴ አርፏል፤ የቤቱ ትልቅ ልጅ እኔ ነኝ። እናቴ ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ገጠር ነበር የምትኖረው። ጎኗን እያመማት ሌሊቱን ስትቃትት ታነጋለች። በመጨረሻ ስትታይ "የሐሞት ጠጠር ነው፤ አዲስ አበባ ሄዳ ኦፕራሲዮን ትሁን" ተባለ። የአውቶቡሱ፣ የማደሪያው፣ የመድኃኒቱ ገንዘብ ከየት ይምጣ? ሁለት በሬ ነበረን፤ አንዱ ከተሸጠ ጥማዱ ይፈርሳል፣ ጥማዱ ከፈረሰ የታናናሾቼ ጉሮሮ ይዘጋል።

በዚያ ሰሞን አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደላላ አስከትሎ በየገጠሩ ይዞር ነበር። ጠገራ ብር፣ የቀንድ ዋንጫ፣ መስቀል፣ ጎራዴ፣ የብራና መጽሐፍ፤ ያገኘውን ይገዛል። እኛ ቤት ጋሻ ነበር። የአያቴ ጋሻ ነው፤ እሱም ከአባቱ የወረሰው። በሰርግ ቀን ይወርድና ለሚፎክረው ሰው ይሰጣል፤ ሰርጉ ሲያልቅ ተወልውሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጠርዙ ላይ ሁለት ቀዳዳ ነበረው። አያቴ "አንዱ የጦር ነው፣ አንዱ የአይጥ ነው" ይል ነበር፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን በየጊዜው ይለዋውጠዋል።

ሰውዬው ጋሻውን አገላብጦ አየና "200" አለ። እኔ "500" አልኩ። ደላላው መሀል ገብቶ በ320 ብር ጨረስን። ከአንድ ወር ደመወዜ ያነሰ ማለት ነው። ጋሻውን በጆንያ ጠቀለለው፣ በቅሎው ላይ ጫነው፣ ሄደ። የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ቸኩዬ ነበር፤ አውቶቡሱ ጠዋት ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ አታውቅም። እኔ እየደገፍኳት ዓባይ በረሃን ወርደን ወጥተን አዲስ አበባ ገባን። ታከመች፣ ዳነች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቷ ገብታ መደብ ላይ አረፍ አለችና ግድግዳውን አየች። ቤታችን እንደማንኛውም የገጠር ቤት በጭስ የጠቆረ ነው። ጋሻው የነበረበት ቦታ ግን ጥቀርሻ ሳይነካው ኖሮ ክብ ሆኖ ነጥቶ ቀርቷል፤ የአሥራ አምስት ቀን ጨረቃ ይመስላል።

ትጮህብኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ዝም ብላ ቆየችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ለሰውዬው የማን እንደሆነ ነገርከው?"

"አልነገርኩትም፣ እማ።"

"እንግዲያማ ቆዳ ነው የሸጥህለት" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እንዲያውም ትቀልድበት ነበር። ሐኪሙ ያወጣላትን ጠጠር በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ ሰጥቷት ነበርና ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ ብልቃጡን ታወጣና "የጋሻው መልስ ይኸውላችሁ!" ትላለች። ከዚያ በኋላ 19 ዓመት ኖራለች። ልጆቼን አዝላለች። ስለዚህ ጸጸቴ ቀጥ ያለ ጸጸት አይደለም። ያው ችግር ዛሬ ቢመጣ ጋሻውን ደግሜ እሸጠዋለሁ። የማይለቀኝ ጥያቄዋ ነው።

አሁን ወደ ጨረቃዋ ልመለስ። ያን ሌሊት ካነበብኩት ሁሉ የእናቴን ጥያቄ ያስታወሰኝ የአንድ ከረጢት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1969 ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ ወርዶ መጀመሪያ ያፈሰውን አፈር የያዘች ነጭ ከረጢት ነበረች። ከጊዜ በኋላ በመዝገብ ስህተት የሌላ ዕቃ ቁጥር ተሰጣትና ማንነቷ ጠፋ። ዞራ ዞራ ከአንድ ወንጀል ጋር በተያያዘ ከተወረሱ ዕቃዎች ጋር ተደባልቃ በ2015 የአሜሪካ መንግሥት በኢንተርኔት ጨረታ በ995 ዶላር ሸጣት። የገዛቻት የኢሊኖይ ሴት ጠበቃ ናት። እሷ ከረጢቷን ለምርመራ ወደ ናሳ ላከች። ውስጧ የጨረቃ አቧራ ተገኘ። ናሳ "የእኛ ናት፣ አንመልስም" አለ። ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ሴትዮዋ ረታች። እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2017 ያቺው ከረጢት በ1.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች።

እስቲ አስቡት፤ በ995 እና በ1.8 ሚሊዮን መካከል ከረጢቷ ላይ የተጨመረ ነገር የለም። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው። የተጨመረው "የማን ናት?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ብቻ ነው። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሳዋለች፤ ስሙ ካልተነገረ ቆዳ ነው።

ይኼ የፈረንጅ ጉዳይ ነው እንዳትሉ። ጨረታን እኛም አገር ያውቀናል፤ ያውም በራሳችን ሜዳ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ እንግሊዞች የዘረፉትን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ አወረዱት። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 እና 21 ቀን 1868 እዚያው ወሎ ምድር ላይ ሁለት ቀን የፈጀ ጨረታ ተካሄደ። ታቦት፣ ዘውድ፣ ብራና፣ መስቀል፣ ጋሻ ከነበረበት ዘረፋ ወደ 5,000 ፓውንድ ተሰበሰበና ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ባለቤቱ የሌለበት ጨረታ ማለት እሱ ነው።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአባት ወደ ልጅ እየዞረ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ ኤምባሲያችን ጠይቆ ከጨረታው ወጡ፤ ኋላም አገር ገቡ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ኒውካስል ከተማ ውስጥ አንድ ጋሻ ለጨረታ ተዘረጋ። ያን ጋሻ ከሌሎች ጋሻዎች የለየው ላዩ ላይ የተጻፈበት ነገር ነው፤ መቅደላ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1868። የቴዎድሮስ የመጨረሻ ቀን፤ በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ማለት ነው። ጋሻው ከጨረታው እንዲወጣ ከኢትዮጵያ ጥያቄ ቀረበ፤ ወጣም። ኋላ በልዑል ኤርምያስ ሣህለ ሥላሴ የሚመራው ትረስት ተደራድሮ ወሰደውና በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ገባ።

ይህን ሳነብ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ደስታ ነበረ፤ ቅናትም ነበረበት። የመቅደላን ጋሻ አገሩ ያስገባው የዘራፊው ጽሕፈት ነው። ወሳጁ ከየት እንደወሰደው ሊኩራራበት ጻፈ፤ ያ ኩራቱ ከ150 ዓመት በኋላ መሰከረበት። የእኔን አያት ጋሻ ግን እኔ ልጁ፣ ዲፕሎማ የያዝኩት፣ ጠመኔ ኪሴ ውስጥ እያለ ሁለት ፊደል ሳልጽፍበት በጆንያ ሰጠሁት። ዛሬ የአንድ ሰብሳቢ ሳሎን ውስጥ ከሆነ ከሥሩ የሚጻፍለት ቢበዛ "ጋሻ፣ ኢትዮጵያ" ነው። ደምበጫ የለችበትም። ሰርጉ የለበትም። የጦሩና የአይጡ ቀልድ የለበትም።

ሰብሳቢ ሁሉ ሌባ ነው አልልም። ባለሙዚየም ጥሎት የነበረውን ዕቃ ገዝቶ፣ አጽድቶ፣ ታሪኩን ፈልጎ ያገኘ አለ፤ የከረጢቷ ሴትዮ ምስክር ናት። "የመሸጥ መብት የማን ነው?" የሚለው ጥያቄም እነሱው ቤት ገና ትኩስ ነው። የአፖሎ 13 አዛዥ ጂም ሎቬል ያንን የጭንቅ ጉዞ የተመራበትን፣ በእጁ ስሌት የጻፈበትን ደብተር እ.ኤ.አ. በ2011 በ388 ሺህ ዶላር ሲሸጥ ናሳ "ለመሆኑ ያንተ ነው ወይ?" አለው። ነገሩ የተቋጨው በ2012 ምክር ቤታቸው እንዲህ ያሉ ዕቃዎች የጠፈርተኞቹ ናቸው የሚል ሕግ ሲያወጣ ነው። አፖሎ ያመጣው 382 ኪሎ የጨረቃ ድንጋይና አፈር ግን ዛሬም የመንግሥታቸው ንብረት ነው፤ አይሸጥም። ስለዚህ ያ ተማሪዬ ይስማኝ፤ ግማሹን ልክ ነበርኩ።

ሕግ እኛም ጋ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ እጅ መኖሩን አይከለክልም፤ ግን ይመዝገብ ይላል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣም ይከለክላል። አዋጁ ጥሩ ነው። አዋጅ ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አያውቀውም። የሚያውቀው የቤቱ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ለምን ዛሬ ጻፍኩት? ከሊንኩ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ተማሪዬ በኢንቦክስ መጣ። እሱ እዚሁ አገር ቤት ነው፤ ሥራ ካጣ ቆይቷል። "ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? አያቴ ሲደግሙበት የኖሩት የብራና ዳዊት እኔ ጋ ነው። አንድ ሰው 60 ሺህ ብር እሰጥሃለሁ ብሎኛል። የቤት ኪራይ ሦስት ወር አለብኝ። ልሽጠው ወይ?"

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። "እንዳትሸጥ!" ማለት ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ በምን አፌ? በመጨረሻ ይህን ጻፍኩለት፦

"ልጄ፣ እኔም ሸጫለሁና አልፈርድብህም። ግን ቀድመህ ይህን አድርግ። አንደኛ፣ በስልክህ ቅጠል በቅጠል ፎቶ አንሳው፤ ባዶ የመሰለህን ገጽ እንኳ አትዝለል። ሁለተኛ፣ እናትህ ዘንድ ቁጭ በልና ከማን ወደ ማን እንደመጣ ጠይቀህ ጻፍ። ሦስተኛ፣ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄደህ አስመዝግበው፤ ያልተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ ጠፋ የሚለው የለውም። አራተኛ፣ ለገዢው ከመደወልህ በፊት ለእኔ ደውል። የኪራዩን ነገር የድሮ ክፍል ጓደኞችህ እንነጋገርበታለን።"

ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ፎቶ ላከልኝ። የዳዊቱ የመጨረሻ ቅጠል ነው። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ በሌላ እጅ፣ በቀጫጭን ፊደል፣ የሰዎች ስም ተጽፏል። የክርስትና ስሞች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ የአያቱ። "ጋሼ፣ ይኼ ቅጠል ባዶ ነው ብዬ ገልጬው አላውቅም ነበር" ይላል ከሥሩ።

ዳዊቱ እስከ ዛሬ ድረስ አልተሸጠም። ኪራዩም እስከ ዛሬ ድረስ ሙሉ በሙሉ አልተከፈለም። ሁለቱንም የምነግራችሁ እንደ ተረት "ከዚያ በኋላ በደስታ ኖሩ" እንዳትሉ ነው። ሰባት የክፍል ጓደኞቹ የአንድ ወር ኪራይ አዋጥተናል። የቀረውን ውስጥ ለውስጥ አናግሩኝ።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ፤ ጡረታ ወጣሁ እንጂ መምህርነቱ አልወጣልኝም። ለበዓል ቤተሰብ ዘንድ ስትሄዱ ግድግዳውንና ሣጥኑን እዩ። ዋንጫ፣ ጎራዴ፣ መስቀል፣ የድሮ ፎቶ፣ የሚዜነት ካባ፣ ምንም ይሁን። "ይኼ የማን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁና ጻፉት። ስልክ ላይም ይሁን፣ የዕቁብ ደብተር ጀርባም ይሁን። የሚያውቁት ሰዎች እያለፉብን ነው።

እኔም የራሴን የቤት ሥራ ይኸው፣ ከ30 ዓመት በላይ ዘግይቼ፦

የጎሽ ቆዳ ጋሻ ነው። ፊቱ ላይ ሰባት የነሐስ ቁራጭ ነበረው፤ አንዱ ወልቆ ስድስት ቀርቷል። ጠርዙ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ የጦር፣ አንዱ የአይጥ። በስተውስጥ መያዣው ተበጥሶ እናቴ በቀይ ክር ሰፍታዋለች፤ ስፌቱ ጠንካራ ነው፣ እስካሁን ሳይኖር አይቀርም። በ1984 ዓ.ም. ከደምበጫ አካባቢ በ320 ብር ተሸጠ። የማን እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ የፕሮፋይሌን ስም አንብቡ፤ ሦስተኛው ስም የእሱ ነው።

በእጁ ያለ ሰው ካለ እንዲመልስልኝ አልጠይቅም። በገንዘቡ እናቴ 19 ዓመት ኖራበታለች፤ ተከፍሎኛል። ከጀርባው ስሙን ይጻፍበት፤ ይበቃኛል።